ዝም ያላለው ተጠቂ

ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ ናት። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚያደርሰው ዋና መንገድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፈረስ ቤት የምትገኘው ግን ከዚያ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ደጋው ለሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ስብከትና ፊልም በብዛት የሚገባው በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ነው። አንዱ ከቡሬ ወይም ከባሕር ዳር በፍላሽ ሞልቶ ያመጣል፤ ሞባይል ቤቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል፤ በገበያ ዕለት ከገጠር የመጣ ወጣት ጥቂት ብር ከፍሎ ሚሞሪውን ያስሞላል፤ ሲመሽ ደግሞ ለጓደኞቹ ዜንደር በተባለው የፋይል ማጋሪያ ያካፍላል።

በዚህ መንገድ ላይ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚጓዝ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ይታያሉ። ባለቤቱ ፋይሌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ሾርትከት ተክሎበታል። ሾርትከቱ ሲነካ መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፤ ቀጥሎ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል። ሰውየው ዘፈኑን ስላገኘ አይጠረጥርም፤ ኮምፒውተሩ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል።

አንቲቫይረስ ይህን በምን ያውቃል? አንድ ቦታ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ እንግዳ ጠባይ ሲያመጣበት አጠራጣሪውን ፋይል ለኩባንያው ይልካል፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ራሱ ይልከዋል። ባለሙያዎች ፋይሉን ፈታትተው ይመረምራሉ፣ ከሌላ ፋይል የሚለይበትን ምልክት ነቅሰው ያወጣሉ፣ ምልክቱን በአፕዴት ለደንበኞቻቸው ሁሉ ያሰራጫሉ። ሁለተኛም ዘዴ አለ፤ ጠባይን መከታተል። ማንነቱ ገና ያልታወቀ ፕሮግራም ፎልደር ሲደብቅ፣ ራሱን ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ፣ የማይመለከተውን ሲነካ በድርጊቱ ይያዛል። ይህ ዘዴ ግን ንጹሑንም ፕሮግራም እያሳሰረ ተጠቃሚውን ስለሚያማርር ኩባንያዎቹ መረቡን ላላ ማድረግ ግድ ይላቸዋል። ስለዚህ ዛሬም የምልክቱ ድርሻ ትልቅ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የዘገየው ጩኸትም ዋጋ አለው፤ የመጀመሪያውን ቤት ባያድን ቀጣዩን ቤት ያድናል።

ይህ ምዕራፍ የሚቆመው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የአንቲቫይረስ እውቀት የሚጀምረው ከአንድ ተጠቂ ነው፤ ያውም ዝም ካላለ ተጠቂ። የሾርትከት ቫይረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ስለሚነካ ከመካከላቸው አንዱ መናገሩ አይቀርም። ሆን ተብሎ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተላከ ቫይረስ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እነዚያ ጥቂት ሰዎች ካልጠረጠሩ፣ ወይም ጠርጥረው ፋይሉን ካጠፉት፣ ዓለም ላይ ያለ አንቲቫይረስ ሁሉ ምልክቱን አያውቀውም።

መንግሥታት የሚገዙት የስለላ ሶፍትዌር እንዲህ ያለው ነው። ሻጮቹ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨምራሉ። ዕቃቸውን ለገዢ ከማስረከባቸው በፊት በገበያ ላይ ባሉት ብዙ አንቲቫይረሶች ላይ ይፈትኑታል፤ አንዱ ከያዘው እስኪያመልጥ ድረስ ያሻሽሉታል። ይህን የምናውቀው ኩባንያዎቹ ራሳቸው ስለተጠለፉ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ከእነዚህ ሻጮች አንዱ ከነበረው ከፊንፊሸር ሾልከው ከወጡት ሰነዶች መካከል የትኛው አንቲቫይረስ ምርታቸውን እንደሚይዝና እንደማይዝ የሚያሳዩ የፈተና ሠንጠረዦች ይገኙበታል። ሌላው ሻጭ፣ የሚላኖው ሃኪንግ ቲምም ምርቱ ከአንቲቫይረስ መሰወሩን የሚመዘግብ የውስጥ ሪፖርት ነበረው። አንድ ሰው አንቲቫይረስ ጭኛለሁና ደኅና ነኝ ሲል፣ ጥቃቱ ከእንዲህ ዓይነቱ ሻጭ የሚመጣ ከሆነ፣ ሻጩ አስቀድሞ ያለፈውን ፈተና ነው የሚተማመንበት።

የእኛ አገር ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ይህ በበቂ አልተነገረም። በዓለም ዙሪያ የመንግሥት ስለላ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ የተማርነው በጥቂት አገሮች ዜጎች ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከእነዚያ ግንባር ቀደም ናቸው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማባበያ የተጠቀመ የፊንፊሸር ጥቃት ገለጠ። ሶፍትዌሩ የሰበሰበውን የሚያቀብለው በኢትዮ ቴሌኮም የኢንተርኔት አድራሻ ላይ ለተተከለ ሰርቨር ነበር።

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥናት ከወጣ በኋላ ኮምፒውተራቸውን አስመረመሩ። በፍርድ ቤት መዝገብ ስማቸው «ኪዳኔ» ነው፤ ለቤተሰባቸው ደኅንነት ሲሉ በእውነተኛ ስማቸው አልከሰሱም። በኢሜይል አባሪ በመጣ የወርድ ሰነድ አማካኝነት ፊንስፓይ የተባለው የፊንፊሸር ፕሮግራም ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. ኮምፒውተራቸው ውስጥ ኖሯል። የስካይፕ ንግግራቸውን ቀድቷል፤ ኢሜይላቸውን አይቷል። ልጃቸው ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ የፈለገውን ሳይቀር መዝግቧል። ይህን ዝርዝር ሳነብ ከሌላው ሁሉ በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ዒላማው አባትየው ይሁኑ እንጂ የተቀዳው ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው ቤተሰብ በሙሉ ነው። ከአንድ ተማሪ የቤት ሥራ ውስጥ ተሰልሎ የሚገኝ የአገር ደኅንነት ጉዳይ የለም።

ኪዳኔ ዝም አላሉም። በየካቲት 2006 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካኝነት የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሱ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘጋ። ምክንያቱን ልብ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ዳኞቹ ስለላው አልተፈጸመም አላሉም። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ባለ የጉዳት ክስ የውጭ መንግሥት እንዲከሰስ የሚፈቅደው ጉዳቱም ጉዳቱን ያስከተለው ድርጊትም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ የተፈጸሙ እንደሆነ ነው፤ እዚህ ግን ፕሮግራሙን ያዘዘውና የላከው ሰው ውጭ አገር ስለነበረ ሕጉ አይደርስበትም አሉ። እንደ እኔ እምነት ይህ ፍርድ ትልቅ ቀዳዳ ትቷል። አንድ ሰላይ ሜሪላንድ ድረስ ሄዶ ሰው ቤት ገብቶ መቅጃ ቢያስቀምጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያንኑ ሥራ ከሩቅ ቢሮ ተቀምጦ ከሠራው ግን አይጠየቅም።

ሌላው ታሪክ ከውጭ አገር ያሰራጭ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ በቤልጂየምና በአሜሪካ የሚገኙ ሁለት የጣቢያው ሠራተኞች ላይ ሦስት ሙከራ ተደረገ። ከተላኩት ፋይሎች አንዱ ለኢሳት የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ፣ የፒዲኤፍ ሥዕል ለብሶ የመጣ ነው። ስሙን እስከ መጨረሻው ላነበበ ግን ፋይሉ ሰነድ አልነበረም፤ ሲነካ የሚነሳ ፕሮግራም ነበር። ኮምፒውተር ፋይልን የሚያውቀው በስሙ ጫፍ ባሉ ፊደላት ነው፤ አታላዮች በስሙና በጫፉ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ አስገብተው እውነተኛውን ጫፍ ከዓይን ያርቁታል። ፋይሎቹ ለሲቲዝን ላብ ደረሱ፤ ምርመራው ሃኪንግ ቲም የሚሸጠውን የርቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓት አመለከተ። ዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በወቅቱ አገሪቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደማትጠቀም ተናግሯል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ አደባባይ ሲወጣ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኢንሳ፣ በደንበኞቹ መዝገብ ውስጥ ተገኘ፤ ክፍያውም 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የኩባንያው ሠራተኞች ጋዜጠኞች መሰለላቸው ከተጋለጠ በኋላ ይህን ደንበኛ እንያዝ ወይስ እንተው እያሉ የተጻጻፉት ኢሜይልም አብሮ ወጣ።

ኢንሳ የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው የአገሪቱን የመረጃ መረብ ከጥቃት መጠበቅ ነው። አንድ ተቋም የሶፍትዌር ቀዳዳ እንዲደፍንም፣ በቀዳዳ እንዲገባም ሲታዘዝ ሁለቱ ሥራዎች ይጋጫሉ። ያልታወቀ ቀዳዳ ሲያገኝ ለሕዝብ ቢያሳውቅ መግቢያውን ያጣል፤ ቢደብቀው ያው ቀዳዳ በባንክ ኮምፒውተር ላይም፣ በሆስፒታል ኮምፒውተር ላይም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካም እንግሊዝም አለባቸው። መፍትሔው ጠባቂውንና ሰላዩን በተለያየ ቤት ማኖር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ሻጭ የመጣው ከእስራኤል ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ አሜሪካ ለነበሩት የወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ቪዲዮ እዩ ይላል፤ ቪዲዮውን ለማየት ግን አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ማጫወቻ አፕዴት አድርጉ ይላል። አፕዴቱ ሐሰተኛ ነበር። ጃዋር ኢሜይሉን ለሲቲዝን ላብ አስተላለፉት። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ሶፍትዌሩ በወቅቱ የኤልቢት ሲስተምስ ቅርንጫፍ የነበረው የሳይበርቢት ምርት መሆኑን አስታወቀ። ሰላዮቹ የሥራ መዝገባቸውን ማንም ሊያየው በሚችል ሰርቨር ላይ ትተውት ስለነበር ተመራማሪዎቹ በ20 አገሮች የሚገኙ የተጠቁ ኮምፒውተሮችን አዩ፤ ብዙዎቹ የኤርትራውያን ነበሩ። ጥናቱን የመሩት ቢል ማርዛክ ራሳቸውም በመካከሉ ያው ማባበያ ተልኮላቸዋል።

በሦስቱም ታሪኮች ጥቃቱን ያጋለጠው አንቲቫይረስ አልነበረም። ምስጢራዊ ቁልፍ ያላቸው መልእክቶችም አላዳኑም፤ ስካይፕ ንግግሩን በመንገድ ላይ ይቆልፈው የነበረ ቢሆንም ፊንስፓይ ያዳምጥ የነበረው ከመቆለፉ በፊት፣ እዚያው ማይክሮፎኑ ላይ ነው። ያዳነው አንድ ሰው መጠርጠሩና የጠረጠረውን ፋይል ሳያጠፋ ለሚያውቅ ሰው ማሳየቱ ነው። ከዚያ በኋላ የፋይሎቹ ምልክት ታትሞ ወጣ፤ አንቲቫይረሶችም ያዙት። በኅዳር 2007 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናልና አጋሮቹ ዲቴክት የተባለ ነጻ መመርመሪያ ሲለቅቁ፣ ፊንፊሸርንና ሃኪንግ ቲምን ለመለየት ያበቃው እውቀት በከፊል ከኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር የተገኘ ነው። ፊንፊሸር በ2014 ዓ.ም. ኪሳራ አውጆ ተዘግቷል።

አገር ውስጥ ያለው ሰው ግን እንዲህ የሚያደርግበት ነጻነት አልነበረውም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ክፍል ራስን ከኢንተርኔት ስለላ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። የራሱን ደብዳቤ ለመቆለፍ የተማረ ሰው በዚያው ሕገ መንግሥት ሥር መከሰሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁሉም በ2007ና በ2008 ዓ.ም. ተፈትተዋል፤ ነገር ግን ቁልፍ መጠቀም ያስጠረጥራል የሚለው ፍርሃት ከሰው ልብ በቶሎ አይወጣም።

አሁን ወደ ደጋ ዳሞት ገበሬ ስልክ እንምጣ፤ ምክንያቱም በእርሱ ላይ የሚመጣው ጥቃት የሚላኖም የእስራኤልም ዕቃ አይደለም። ለእሱ የሚያስፈልገውን እውነት የያዘው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ነው። አፕስትሪም የተባለ የስልክ ደኅንነት ኩባንያ፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በተባለው ርካሽ ስማርት ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ስልኩ ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው እንደሚመጡ ገለጠ። ስልኮቹ የተገኙት በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች የሞከሯቸው 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተመዝግበዋል። አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ስሙን ባልገለጸው አካል ላይ አደረገ።

ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ባለስልኩ ሳያውቅ ለክፍያ አገልግሎቶች መመዝገብ ነው። ክፍያው ከካርዱ ይቆረጣል። በገጠሩ «ካርዴን በላብኝ» የማይል ሰው የለም፤ ብዙው ሰው የሚወቅሰው ቴሌን ነው። አንዳንዱ ቅሬታ በእርግጥ የቴሌ ጉዳይ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ከስልኩ ውስጥ የሚሠራ ሌባ ነው። እዚህ ላይ አንቲቫይረስ መጫን ብዙም አይረዳም። ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ፕሮግራም የሚቀመጠው ተጠቃሚው ሊነካው በማይችለው የስልኩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ አንቲቫይረሱ ቢያየው እንኳ ሊያወጣው አይችልም፤ ኤክስሄልፐር ሁሉም ነገር ተደምስሶ ስልኩ እንደ አዲስ ሲነሳ እንኳ ተመልሶ በመምጣት ይታወቃል። ለድሃው በተሸጠው ርካሽ ዕቃ ውስጥ ይህ መግባቱ፣ ለእኔ፣ ከመንግሥት ስለላ የማይተናነስ በደል ነው። ብዙ ያለው ሰው ጥቂት ብር ቢቆረጥበት አያስተውለውም፤ ገበሬው ግን የጎደለበት ያ ካርድ ወደ ሐኪም ቤት ለመደወል ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል።

ሌላው በር አፕሊኬሽን ከእጅ ወደ እጅ መቀባበሉ ነው። ኢንተርኔት ውድ ወይም የማይገኝ ሲሆን ቴሌግራምም፣ ጌምም፣ ቪዲዮ ማጫወቻም በዜንደርና በሼርኢት ይወሰዳል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የደኅንነት ኩባንያው ትሬንድ ማይክሮ ሼርኢት ውስጥ ሌላ ፕሮግራም በተጠቃሚው ስም እንዲሠራ የሚፈቅድ ቀዳዳ እንዳለ አሳወቀ። ቀዳዳው ለተጠቃሚዎች የሚደፈነው በአፕዴት ነው። አፕዴት ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ። ስለዚህ መዘጋት ሲነገር የሚነሳው የዜና መቋረጥ፣ የንግድ መቆም፣ ከቤተሰብ መለያየት ነው፤ ተገቢም ነው። የማይነሳው ሌላው ጉዳት እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር በተዘጋበት ቀን በነበረው እውቀት ላይ መቅረቱ ነው። አንቲቫይረሱ አዲስ ምልክት አያገኝም፤ አንድሮይድ ቀዳዳውን አይደፍንም፤ ጎግል ፕሌይ አዲስ የተጫነን ፕሮግራም ከማዕከሉ ጋር አያመሳክርም። በዚያው ጊዜ ፍላሹና ሚሞሪው መዞራቸውን አያቆሙም፤ እንዲያውም ኢንተርኔት የጠፋበት ሕዝብ ከወትሮው የበለጠ በእነሱ ላይ ይንጠለጠላል። ጉዳቱ በሌላውም አቅጣጫ አለ። ፋይል መላክ ስለማይቻል ከፈረስ ቤት የሚነሳ ማስጠንቀቂያ ወደ ማንም አይደርስም። ኢንተርኔት በደኅንነት ስም ሲዘጋ የሕዝቡ የራሱ ደኅንነት አብሮ እንደሚዘጋ ውሳኔውን የሚሰጡ ሰዎች ሊያውቁት ይገባል።

በሕግ በኩል ጥቂት እርምጃ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ያለ ሕጋዊ ምክንያት እንዳይሰበሰብ ይከለክላል፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በቴሌብርና በፋይዳ መታወቂያ ዘመን ይህ አዋጅ በጣም ያስፈልግ ነበር። ስልኩ የተጠለፈበት የደጋ ዳሞት ሰው ግን ቀርቦ የሚያስመረምርበት ቦታ በአቅራቢያው የለም፤ ያለው ሞባይል ቤቱ ነው።

የሞባይል ቤት የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ማድረግ ነው። ስልኩ ሲንቀራፈፍ፣ ካርድ ሲበላ፣ ማስታወቂያ በራሱ ሲከፈት ባለሙያው ሁሉንም ደምስሶ ሶፍትዌር ይጭናል፤ ደንበኛውም በዚያው ቀን ሥራውን ይቀጥላል። ለተራው ቫይረስ ይህ ብዙም ክፋት የለውም። ጋዜጠኛ፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ የመብት ተሟጋች ወይም የማኅበር ኃላፊ የሆነ ሰው በስሙ የመጣ እንግዳ ፋይል ከፍቶ ከተጠራጠረ ግን ፎርማቱ ማስረጃውን ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ሰው መልእክቱን ሳይደመስስ፣ የላኪውን አድራሻና የደረሰበትን ሰዓት ይዞ፣ ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቆ በሌላ መሣሪያ እርዳታ ቢጠይቅ ይሻላል። አክሰስ ናው ለጋዜጠኞችና ለመብት ተሟጋቾች በነጻ የሚሠራ የእርዳታ መስመር አለው፤ የአምነስቲ የደኅንነት ላብራቶሪም ስልክ ይመረምራል። አምነስቲ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ምርመራውን የሚያካሂድበትን ፕሮግራም በነጻ ለቅቆታል። ፕሮግራሙ ከስልኩ የተወሰደ ቅጂና የታወቁ ምልክቶች ዝርዝር ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ተራ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ በየቀኑ ስልክ ፈትቶ የሚገጥም፣ የሞተ ሶፍትዌር የሚያስነሳ ወጣት ይህን ለመማር የሚያንሰው ችሎታ የለም፤ የሚጎድለው የምልክቶቹን ዝርዝር የሚያወርድበት ኢንተርኔትና ያገኘውን ሳይፈራ የሚናገርበት ዋስትና ነው።